የጦይባ ሽማግሌዎች

መርሳ ላይ የትምህርት ቀን የሚጀመረው ራስን በማመስገን ነበር። ደወሉ እንደተደወለ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ንግግር በሚመዝነው ግድግዳ ፊት ይሰለፉና ተራ በተራ እየወጡ፣ «እኔ እገሌ እባላለሁ፤ ይህንን ከማንም አሳምሬ እሠራለሁ፤ ከሌሎች የምለየው በዚህ በዚህ ነው» ይላሉ። ንግግሩ ለግድግዳው ከጣመው አረንጓዴ ይበራል፤ ካልጣመው ቀይ። አረንጓዴ ያላበራ ልጅ አይቀመጥም። አንዳንዱ እስከ ዕረፍት ሰዓት ቆሞ ይቆያል።

ትምህርቱ «የሥራ ንግግር» ይባላል። ስሌቱን፣ ቁፋሮውን፣ መንዳቱን፣ ምርመራውን ማሽን ከወሰደው ወዲህ ለሰው የቀረለት ሥራ ሰውን ማነጋገር ብቻ ነው፤ ስለዚህ መንግሥትም ወላጅም ይህችን አንዲት ትምህርት እንደ ዓይን ብሌን ነበር የሚጠብቋት። መምህርት መዲና አሊ ጸጉሯ እስኪሸብት ያስተማረችው ይህንኑ ነው። ግድግዳው የሚወደውንና የሚጠላውን ከባሏ ጠባይ አብልጣ ታውቃለች። «ምናልባት» ነጥብ ያስቀንሳል። «ከኔ የተሻሉ አሉ» ከዚያም የባሰ ያስቀንሳል። «ኢንሻአላህ» እና «እግዜር ካለ» ሁለቱም እንደ ጥርጣሬ ይቆጠራሉ፤ ግድግዳው ሃይማኖት አይለይም። የመርሳ ልጆች አላህንም እግዜርንም በሆዳቸው ጠርተው በአፋቸው «በእርግጠኝነት» ማለትን ለምደዋል።

ችግሩ ቤት ነው። እንግዳ ፊት «ጎበዝ ነኝ» ያለ ልጅ፣ እንግዳው እስኪወጣ ተጠብቆ ቁንጥጫውን ይቀምሳል። ስለዚህ የከተማው ልጆች ጠዋት አንድ ምላስ፣ ማታ ሌላ ምላስ ይዘው ነው የሚያድጉት፤ አብዛኞቹም ተክነውበታል። ጦይባ ይመር ግን አንድ ምላስ ብቻ ነበራት።

ጦይባ ባለፈው ዓመት ሣጥኑ ውስጥ ገብታ ነበር። ሣጥኑ የሚሉት ከመናኸሪያው አጠገብ ያለውን፣ አንድ ወንበር ብቻ የሚይዘውን ጠባብ ክፍል ነው፤ ትምህርቱን የጨረሰ ሁሉ እዚያ ገብቶ ከመዳቢው ጋር ይነጋገራል። መዳቢው ድምፅ ነው። ትሑት ነው፤ ሁሉንም «እርስዎ» ይላል፤ አይቆጣም። የከተማው ሰው «ጋሽ መዳቢ» እያለ ይቀልድበታል፤ ሲቀልድ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ጦይባን የጠየቃት ስለ መስኖ አስማሚነት ነበር። የመርሳን ቦዮች ማሽን እየለካ ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ልኩም ትክክል ነው። የላይኞቹና የታችኞቹ ገበሬዎች ግን ማሽኑን አያምኑትም፤ እርስ በርስማ ጭራሽ። ውሃ በተለቀቀ ቁጥር ዶማ ይዘው ይወጣሉ። መሐላቸው የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል።

«ይህን ሥራ ይወጡታል?» አላት መዳቢው።

«ኧረ እኔ ምን አውቄ፤ ከኔ የተሻለ መች ይጠፋል» አለች ጦይባ።

መርሳ ላይ እንዲህ የተባለ ሰው «ተይ እንጂ ልጄ፣ ካንቺ ወዲያ ማን አለና» ይላል። ከዚያ አንዴ ሁለቴ እምቢ፣ እሺ ተባብለው ነገሩ ያልቃል። ጦይባም የጠበቀችው ይህንኑ ነበር። መዳቢው ግን አመሰገናትና በሩን ከፈተላት። «ሥራውን አልቀበልም» እንዳለች መመዝገቡን የሰማችው ደጅ ከወጣች በኋላ ነው።

አሁን የቀራት አንድ ዕድል ነው። እሱም ካለፈ ተጠባባቂ ትሆናለች። ተጠባባቂነት ምን እንደሆነ ማንም ሊነግራት አያስፈልግም፤ ታላቅ ወንድሟ ሙሄ ተጠባባቂ ነው። ተጠባባቂዎች ጠዋት ጠዋት ማዳመጫቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው መናኸሪያው ማንጎ ሥር ይቀመጣሉ። ለአንዱ የአንድ ቀን ሥራ ሊመጣለት ይችላል፤ ወዲያው «አቤት» ካላለ ጥሪው ወደሚቀጥለው ያልፋል። ስለዚህ አያወሩም። አይስቁም፣ አይከራከሩም፤ ሰላም የሚባባሉት በቅንድብ ነው። ሙሄ ድሮ ሠፈሩን በሣቅ የሚገድል ልጅ ነበር። አሁን እራት ላይ እንኳ አንድ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ነው የሚጎርሰው። ቤተሰቡም እሱን ላለመረበሽ ብሎ ዝም ብሎ መብላት ለምዷል።

መዲና ወደ ቤቷ የምትገባው በየቀኑ ያንን ማንጎ አልፋ ነው። ሥሩ ከተቀመጡት ብዙዎቹን አስተምራቸዋለች። «ይቺን ልጅ እዚያ አላስቀምጣትም» አለች ለራሷ። በኋላ ወኔዋ እንዳይከዳት ደግሞ ለርዕሰ መምህሩ ነገረችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተማሪው ሲበተን ጦይባን እያስጠራች ታለማምዳት ጀመር።

ልጅቷ ሰነፍ አልነበረችም። ከብዙ ልፋት በኋላ «እኔ ጦይባ ይመር፣ ሰውን በማስማማት ከማንም እበልጣለሁ» ብላ ግድግዳውን አረንጓዴ አበራችው። መዲና አጨበጨበች። ጦይባ ወጥታ ቧንቧው ጋ አፏን ተጉመጠመጠች።

«ምነው ልጄ?»

«ምንም አይደል ቲቸር። እለምደዋለሁ።»

ብዙም ሳይቆይ አባቷ ጋሽ ይመር መዲናን ቤት ድረስ አስጠሯት። አጥሩ ሥር ባለው ድንጋይ ላይ አስቀመጧት። ሙሄም ግቢው ጥግ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ጋሽ ይመር የዝናቡን፣ የጤናውን፣ የልጆቿን ነገር አንድ በአንድ ጠየቁ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መምህርት፣ ልጄ ከበረቱ ኋላ ቆማ ‹ከማንም እበልጣለሁ› ስትል ሰማኋት። ደግማ ደጋግማ ነው የምትለው። መጀመሪያ አሟት መስሎኝ ነበር።»

«ትምህርቱ ነው ጋሽ ይመር።»

«ማንን ነው የምትበልጠው? ጎረቤቶቼን ነው? ነገ በምን ዓይኔ ልያቸው?»

መዲና የመጣችው ልታስረዳ ነበርና አስረዳች። ዘመኑ እንደተለወጠ፣ መዳቢው ይሉኝታ እንደማያውቅ፣ ያልተናገረ ሰው እንደሌለ እንደሚቆጠር አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። በመጨረሻም ዓይኗን ወደ ሙሄ መለስ አደረገች። «እዚያ ልትቀመጥ ነው እኮ» አለች ዝግ ብላ።

ጋሽ ይመር ልጃቸውን አዩት። ፊታቸው ሲጠወልግ መዲና አይታ በተናገረችው ተጸጸተች።

«እናቱን ሳገባ እኔ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም» አሉ ቆይተው። «ሦስት ሽማግሌ ሄደልኝ። አንቀመጥም ብለው፣ እንደቆሙ፣ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ተናገሩልኝ። እኔው ራሴ ሄጄ ‹ሸጋ ነኝ፣ ጨዋ ነኝ፣ ልጃችሁን ስጡኝ› ብል ኖሮ ውሻ ነበር የሚለቁብኝ። ሰው ስለ ራሱ ምን ያውቃል? የሚያውቁት ሌሎቹ ናቸዋ።»

መዲና ተሰናብታ ወጣች። መንገዱን ሙሉ ተናዳ ሄደች፤ ግማሹ ንዴት በጋሽ ይመር፣ ግማሹ በመዳቢው ነው። ማንጎው ጋ ስትደርስ ቆመች። ይህን ሁሉ ዓመት ልጆቹን ስለ ራሳቸው ስታናግር፣ አንድ ቀን እንኳ ስለ ሌላ ሰው እንዲናገሩ ጠይቃ አታውቅም። ፊቷን አዙራ ወደ ኑርዬ ቤት ሄደች።

ኑርዬና ፍሬሰንበት ከጦይባ ጋር አብረው የተማሩ፣ ባለፈው ዓመት ምድብ ያገኙ፣ ሥራ የሚጀምሩበትን ቀን የሚጠብቁ ልጆች ናቸው። ኑርዬ ምላሱ የተባ ነው፤ ደሴ ላይ በሽተኛ ተቀባይ ሆኖ ሊሄድ ሻንጣውን አዘጋጅቷል። ፍሬሰንበት ደግሞ ዝምተኛ ነው። መዳቢው ምን እንደታየው አይታወቅም፣ ሹፌር በሌለው አውቶቡስ ውስጥ ሰው እንዳይሸበር አብሮ እየሄደ የሚያጫውት ብሎ መድቦታል። እስከዚያ ቀን ድረስ ፍሬሰንበት ማንንም አጫውቶ አያውቅም።

«ሽማግሌ ሁኑ ነው የሚሉን?» አለ ኑርዬ ሣቁን እየዋጠ። «ጢም እንኳ ሳናበቅል?»

«ጢሙን እኔ አበቅልልሃለሁ። ትመጣለህ ወይስ አትመጣም?»

«ኧረ እመጣለሁ ቲቸር። ለጦይባማ እመጣለሁ።»

የጦይባ ተራ ሲደርስ የሣጥኑ በር ተከፈተ። የገቡት ግን መዲና፣ ኑርዬና ፍሬሰንበት ናቸው። ኑርዬ የአባቱን ኩታ ደርቧል፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ይንዘላዘልበታል። ጦይባ እንደ ወጉ ደጅ ቀረች።

«ወይዘሪት ጦይባ ይመር፣ እንኳን ደህና መጡ። እባክዎ ይቀመጡ» አለ መዳቢው።

«እሷ ደጅ ናት። የመጣነው እኛ ነን» አለች መዲና።

«እባክዎ ይቀመጡ።»

«አንቀመጥም። ለጉዳይ ነው የመጣነው፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

ወንበሩ ላይ ሰው ካልተቀመጠ ጥያቄው አይጀመርም፤ ካልተጀመረ አያልቅም፤ ካላለቀ ተከታዩ አይገባም። ወይም ተወዳዳሪው «አልፈልግም» ብሎ መውጣት አለበት። እነሱ አልተቀመጡም፤ አልፈልግምም አላሉም። መዲና ይህን አስቀድማ አስባበታለች። መዳቢው ደጋግሞ እንዲቀመጡ ለመናቸው፤ እነሱም ደጋግመው እምቢ አሉት። ደጅ የተሰለፈው ልጅ ሁሉ ማጉረምረም ጀመረ።

«ተወዳዳሪዋ መናገር የማይችሉ ናቸው?» አለ መዳቢው በመጨረሻ። «መናገር ለማይችሉ ተወዳዳሪዎች ወኪል ይፈቀዳል።»

ኑርዬ አፉን ከፈተ። አንዲት «አዎ» ብትወጣው ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። መዲናም ይህን አውቃለች፤ ልቧም ፈልጎታል። ግን በውሸት የተጀመረ ሽምግልና የት ይደርሳል? እግሩን ረገጠችው።

«መናገር ትችላለች» አለች። «ስለ ራሷ ግን አትናገርም። አስተዳደጓ ነው።»

«ይህ በተፈቀዱት ምክንያቶች ውስጥ የለም።»

«እንግዲያው እንቆማለን።»

ቆሙ። ከዚያ ኑርዬ ማንም ሳይጠይቀው መናገር ጀመረ። «እኔና ይሄ ልጅ» አለ ፍሬሰንበትን እያሳየ «ዓመቱን ሙሉ ተኳርፈን ነበር። ትልቅ ሰው አስታርቆን አልሆነም። ጦይባ ታረቁ አላለችንም። እየመጣች ‹የተጣላችሁበትን ንገረኝ፤ ግን እንደ ፍሬሰንበት ሆነህ ንገረኝ› ትለኝ ነበር። እሱን ሆኜ ስናገር ትንሽ ካጣመምኩ ‹አይ፣ እሱ እንዲህ አይልም› ብላ ታስቆመኛለች። እንደገና እጀምራለሁ። አንድ ቀን እሱን ሆኜ እስከ መጨረሻው ተናገርኩና አለቀስኩ። ጥፋቱ የኔ ነበራ። በዚያው ቤቱ ሄድኩ።»

«እኔ ጋም እንደዚያው ታደርግ ነበር» አለ ፍሬሰንበት። «እኔም ወደሱ ስሄድ መንገድ ላይ ተገናኘን።»

መዳቢው ጣልቃ ገባ። «የተወዳዳሪዋ ድክመት ምንድን ነው?»

«ትዘገያለች» አለ ፍሬሰንበት። መዲና ደነገጠች፤ ዓይኗን ብታፈጥበትም አላያትም። «ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ አትነሳም፤ ስለዚህ ሁሌም ትዘገያለች። ፈጣን ሰው ከሆነ የሚፈልጉት እሷን አይመድቡ። ውሃ ላይ የሚጣላ ሰው ግን እስኪጨርስ የሚሰማው ነው የሚፈልገው። ሟቹ አባቴም ከታችኞቹ ገበሬዎች አንዱ ነበር፤ አውቃለሁ።»

ፍሬሰንበት በዕድሜው ሙሉ ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም። ሲጨርስ ላቡን ጠረገ።

«ጉዳዩ ለተጨማሪ ምክክር ተላልፏል» አለ መዳቢው። «ሰኞ ይመለሱ።»

ሲወጡ ኑርዬ ሣቁ መጣበት። «ጨዋ ቤተሰብ ነው ቲቸር። ደህና ቤተሰብ ተማክረን ቀጠሮ እንሰጣለን ነው የሚል። እዚያው እሺ የሚለውማ ልጁ የከበደችው ነው።» መዲናም ሣቀች፤ ከሣቀች ስንት ጊዜዋ ነበር።

ሰኞ ሲገቡ መዳቢው ተቀመጡ አላለም። «ተወዳዳሪዋ ተመድበው ሥራውን ባይወጡ ተጠያቂው ማን ነው?» አለ።

«እኛ» አለ ኑርዬ። ሽማግሌ ሌላ ምን ይላል።

«ተመዝግቧል። ሥራውን ካልተወጡ የሦስታችሁም ምድብ ይሰረዛል። ትስማማላችሁ?»

ይህን አንዳቸውም አልጠበቁትም። መዲና ስለ ራሷ ለማሰብ ጊዜ አላገኘችም፤ የታያት ልጆቹ ማንጎው ሥር ተቀምጠው ነው። «የልጆቹን ተወው» አለች። «የኔን ብቻ ውሰድ። እኔ በቂ ነኝ።»

«ሦስቱም ካልተስማሙ ጉዳዩ ይዘጋል።»

ኑርዬ የኩታውን ጫፍ ወደ ትከሻው መለሰ። ቀልዱ ከፊቱ ጠፍቷል። «ይሁን» አለ። ፍሬሰንበት ግን ወለሉን እያየ ብዙ ቆየ። እናቱ ያለ እሱ ጧሪ የላትም። መዲና እምቢ ቢል አልፈርድበትም ብላ ወሰነች፤ ልትነግረውም ነበር።

«ይሁን» አለ ፍሬሰንበት።

«ተወዳዳሪዋ ይግቡ።»

ጦይባ ገባች። መዳቢው ሦስቱ የገቡበትን ውል ቃል በቃል አነበበላት። እሷ እያንዳንዳቸውን በየተራ አየቻቸው። ፊቷ መጀመሪያ በድንጋጤ፣ ቀጥሎ በቁጣ ተለዋወጠ። «ማን ግቡበት አላችሁ?» አለች በሹክሹክታ። «ፍሬ፣ እናትህስ?» አሁን «አልፈልግም» ብላ ብትወጣ ሦስቱም ነፃ ናቸው፤ መዲና ልጅቷ ይህንኑ ስታስብ ዓይኗ ላይ አየችው።

«ወይዘሪት ጦይባ፣ ሥራውን ይወጡታል?»

ጦይባ ትንፋሿን ሰበሰበች። «እነዚህን አላሳፍርም» አለች።

«በምን ያህል እርግጠኝነት?»

«አላሳፍራቸውም አልኩ እኮ።»

ድምፅዋ ደጅ ድረስ ተሰማ። የሣጥኑ ግድግዳ አረንጓዴ በራ። ጦይባ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች፤ መዲናም የኑርዬን ኩታ ጫፍ ይዛ ወጣች።

ዓመቱ በሰላም አለፈ። በቦዩ ላይ ዶማ የተነሳው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ገበሬዎቹ ጦይባ ፊት ቀኑን ሙሉ ሲያወሩ ውለው ማታ ላይ ተቀመጠ። መዳቢው ግን ያየውን የሚረሳ አይደለም። በአዲሱ ዓመት መመሪያ ወጣ፦ ከእንግዲህ ሣጥኑ የሚገባ ሁሉ ምድባቸውን የሚያስይዙለት ሦስት ዋሶች ይዞ ይምጣ። አንድ ዋስ ደግሞ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ አይቆምም።

ትምህርት ቤቱ በአንድ ሳምንት ተለወጠ። ራስን ማመስገን ቀረ። አሁን ልጆቹ ጠዋት ግድግዳው ፊት ሲቆሙ የሚጠየቁት «ማን ይቆምልዎታል?» ነው፤ ሦስት ስም ያልጠራ አይቀመጥም። ጓደኛሞች መጣላት ተዉ፤ እውነት መነጋገርም አብረው ተዉ። ማን ነገ እንደሚያስፈልግ አይታወቅምና። እናቶች ምድብ ላላቸው ልጆች ድግስ መደገስ ጀመሩ። መዲና ይህን ሁሉ አየች፤ በሩን የከፈተችው እሷ ናት።

ኤልዳና የምትባል አዲስ ተማሪ ነበረች። ወላጆቿ ተመድበው በክረምቱ ነው ከአዲስ አበባ የመጡት። ራሷን ማመስገን እንደ ውሃ ትጠጣዋለች፤ በድሮው ሕግ ቢሆን በአንድ ትንፋሽ ግድግዳውን አረንጓዴ ታበራ ነበር። መርሳ ላይ ግን አፏን በከፈተች ቁጥር ልጆቹ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ፤ አጠገቧም የሚቀመጥ የለም። ጠዋት ጠዋት ግድግዳው ይጠይቃታል፣ እሷም አንገቷን ቀና አድርጋ ቆማ ትውላለች። መዲና ልትቆምላት አትችልም፤ በጦይባ ታስራለች።

ክፍሉን ለመነች። «ከእናንተ ምድብ ያለው ወንድም፣ እህት፣ ዘመድ ያለው የለም? አንድ ሰው ብቻ ይጀምር፤ ሌላውን እኔ እፈልጋለሁ» አለች። ልጆቹ ጫማቸውን አዩ። መዲና በማግሥቱም ለመነች፤ ከዚያም በኋላ ከተማው ውስጥ የማታንኳኳው በር አልቀረም። «ለማናውቃት ልጅ?» ነበር በየደጁ መልሱ። ይህንንም መልስ ከሰማች በኋላ ወደሚቀጥለው በር ትሄዳለች።

አንድ ጠዋት ኤልዳና ግድግዳው ፊት እንደቆመች የክፍሉ በር ተንኳኳ። ጦይባ ናት። የቦዩ ጭቃ ከቦት ጫማዋ ላይ አልደረቀም። እንደ ልማዷ ዘግይታለች፤ መዲና በየደጁ ዋስ እንደምትለምን ከሰማች ሰንብታለች።

«ዋስ ላጣችው ልጅ ልቆም ነው የመጣሁት ቲቸር» አለች።

መዲና ወደ ኮሪደሩ ሳብ አደረገቻት። «ጦይባ፣ ልጅቷን አታውቂያትም። የምታስይዢው የራስሽን ሥራ ነው።»

«አላውቃትም» አለች ጦይባ። «ሣጥኑ የሚከፈተው ክረምት ሲገባ አይደል? እስከዚያ አውቃታለሁ፤ ከአሁኑ የመጣሁት ለዚህ ነው።»

ከዚያም ገብታ ከኤልዳና አጠገብ፣ ግድግዳው ፊት ቆመች።